የዋርሳዋ ሽልማት

«ፊቷን እንዳታጨፈግግ ንገራት። ካሜራ አለ።»

መጋረጃ ሰፊዋ ይህን የሰማችው ፊቷን በሳሙና አረፋ ሞልታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በእጇ የቧንቧውን መክፈቻ ስትዳብስ ነው። መታጠቢያ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው አንድ ጣት የማይሞላ ኮምፖርሳቶ ነው፤ ሳሎን ያነጠሰውን ሰው መታጠቢያ ቤት ሆኖ «ይማርህ» ማለት ይቻላል። ተናጋሪዋ አማቷ ናቸው። ትናንት ሻንጣቸውን ይዘው መጥተው ሶፋው ላይ ነግሠዋል፤ የሚናገሩትም ለልጃቸው፣ ማለትም ለባሏ ነው። «ያቺን ጥቁር ሹራቧንም እንዳታደርጋት። ሦስት ዓመት ሙሉ ጥቁር! ሟች ብቻ ነው እንዴ ሰው? የቆመም እኮ አለ። ስሟ ሲጠራ ቶሎ ትነሣ፣ መድረኩ ላይ ትውጣ፣ ትቀፈው፣ አለቀ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።» ባሏ ምን ብሎ እንደመለሰ አልተሰማም። እሱ ሲመልስ ተሰምቶም አያውቅ። ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት ቆራጭ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጩኸት ጋር ስለሚውል ቤቱ ሲገባ ጸጥታ ያስፈልገዋል ይላሉ የሚያዝኑለት። «ዝም አይነቅዝም» የምትለዋን ተረት ከሱ በላይ የኖረባት ሰው የለም።

«ትቀፈው» የተባለው ዋርሳዋ ነው፣ የባሏ ታላቅ ወንድም። የዛሬ ሦስት ዓመት የአሥራ አንድ ዓመት ልጇን፣ ትልቋን፣ «ደብተር ልግዛላት» ብሎ በመኪናው ይዟት ወጣ፤ ከመብራት ምሰሶ ጋር አላትሞ ገደላት። ጠጥቶ ነበር። እሱ ግንባሩን አራት ቦታ ተሰፍቶ ተረፈ። ዘመድ መሃል ገባ፣ ፍርድ ቤት ፈረደ፣ ጥቂት ታሰረ፣ መንጃ ፈቃዱን ተነጠቀ፣ ተፈታ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ መጋረጃ ሰፊዋም ሐዘኗን አቅፋ ትኖር ነበር። ግን አላበቃም። ጠጥቶ መንዳትን ለማስቀረት ማስታወቂያ የሚያሠራ አንድ መሥሪያ ቤት ተዋናይ ሰልችቶት «እውነተኛ ሰው» ሲፈልግ እሱን አገኘ። ይኸው ስምንት ወሩ፣ በየቀኑ ከዜና በፊት አርባ ሰከንድ ሙሉ ሰው ቤት ይገባል። «ጠጥቼ ነዳሁ። የወንድሜን ልጅ በገዛ እጄ ገደልኳት። እኔን ያየህ ተቀጣ» ይልና እንባው ዱብ ይላል። ፎቶው አውቶቡስ ጀርባ ላይ አለ፣ ነዳጅ ማደያ አለ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ መጠበቂያው ጋ አለ። የሰፈር ልጆች ስሙን ትተው «ማስታወቂያው» ነው የሚሉት። «ማስታወቂያው መጣ!» ሲሉት ዓይኑን በጨው አጥቦ እጁን ያውለበልብላቸዋል። መንጃ ፈቃዱም «ለኅብረተሰቡ ላበረከተው» ተብሎ ተመለሰለት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በትልቁ አዳራሽ ሊሸለም ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የወጋው ሲሸለም የተወጋው የት እንደሚቀመጥ ግን ተረቱ አይናገርም። አማቷ ተናግረዋል፤ ፊት ረድፍ፣ ከግራ ሦስተኛው ወንበር።

ፊቷን አድርቃ ስትወጣ አማቷ ድምፃቸውን አለዘቡ። «ልጄ፣ ዛሬ ሁላችንም በሱ መኪና ነው የምንሄደው። ትንሿም ጭምር። እርቅ በአፍ ብቻ አይሆንም። መኪናው ውስጥ ካልገባችሁ ምኑን ታረቃችሁት?» የዚህ ቤተሰብ ልማድ ይኼው ሆኗል። መንጃ ፈቃዱ ከተመለሰ ወዲህ፣ አንድ ሰው ይቅር ማለቱ የሚታወቀው መኪናው ውስጥ ሲገባ ነው። መጀመሪያ እናቱ ገቡ፤ ቀጥሎ አክስቶቹ ተራ በተራ ገቡ፤ ባሏም አንድ እሑድ ሳይነግራት ገብቶ ከተማውን ዞሮ ተመለሰ። አንድ ሰው በገባ ቁጥር ስልክ ይደወላል፣ «እገሊትም እኮ ገባች!» ይባላል፣ እልል ሊሉ ምንም አይቀራቸው። የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ መጋረጃ ሰፊዋና የዘጠኝ ዓመቷ ትንሿ። መጋረጃ ሰፊዋ ባሏን እጁን ይዛ ኩሽናው በር ላይ አቆመችው። «ስማኝ። አስነሡኝ፣ አስለቅሱኝ፣ እቀፊው ካላችሁኝም አቅፈዋለሁ። ጥቁሩንም አወልቃለሁ። ልጄ ግን እዚያ መኪና ውስጥ አትገባም። ስድስት ሰዓት ከሥራ ወጥቼ እኔው በአውቶቡስ ይዣት እመጣለሁ።»

«እሺ።»

«እሺ አይደለም። አትገባም በለኝ።»

«አትገባም አልኩሽ እኮ!» አለና ጫማውን ፍለጋ ሄደ።

ወደ ሥራ ስትሄድ የትራፊክ መብራቱ ጋ ፊት ለፊቷ የቆመው አውቶቡስ ጀርባው ላይ ዋርሳዋን ለጥፎ ነበር። ፊቱ የቤት በር ያህላል፤ እንባው ብርቱካን ያህላል። የግንባሩን ጠባሳ በቀለም አድምቀውለታል። ሰው ሁሉ የምትናደደው በሱ ብቻ ይመስለዋል። ለባሏም፣ ለእህቷም፣ ለማንም ያልተናገረችው ነገር አላት። ያን ቀን ዋርሳዋ በር ላይ ቆሞ «የታለች ልጄ?» ሲል ከአፉ ቅርንፉድ ሸተተ፤ ከቅርንፉዱ ሥር ደግሞ መጠጥ። በደንብ ሸተታት። ሳሎን ውስጥ አማቷ ከሁለት እንግዶች ጋር ተቀምጠዋል። ሰውየው የባሏ ታላቅ ነው፣ «ጋሼ» ብላ አንቱ የምትለው ሰው ነው፤ በእናቱና በእንግዳ ፊት «ጋሼ ጠጥተዋል፣ ልጄን አልሰጥም» ብሎ ማን ይናገራል? ይሉኝታ ያዛት። «ቶሎ ተመለሱ» ብላ የትልቋን የጫማ ማሰሪያ አጥብቃ አሰረችና ሸኘቻት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እሷ ደግሞ አትጠጣም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሆዷ ውስጥ እንደተቆለፈ ነው።

የመጋረጃ ቤቱ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነው፤ ሦስት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም መቁረጫ ጠረጴዛ፣ እስከ ጣሪያው የተደረደረ ጥቅል ጨርቅ። ባለሱቋ ገና ከመግባቷ «እንኳን ደስ አለሽ! ዋርሳሽ ሊሸለም ነው አሉ!» አለቻት። ክፋት የላትም፤ አፏ ከጭንቅላቷ ቀድሞ የሚሮጥ ሴት ናት። መጋረጃ ሰፊዋ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ብላ መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና የአንድ ሆቴል መጋረጃ ጫፍ መጥለፍ ጀመረች። ረፋዱ ላይ አንዲት ደንበኛ ገብታ የሳሎን መጋረጃ እያገላበጠች በዋጋ ተነታረከች፤ ባለፈው ወር ሜትሩ ስድስት መቶ አልነበረም ወይ፣ ስምንት መቶ ያደረጋችሁት ወርቅ ገብቶበት ነው ወይ አለች። ባለሱቋ ነገር ለማብረድ ብላ፣ መኪናዋ ላይ ያለችው ሴት የማስታወቂያው ሰውዬ ዘመድ መሆኗን ነገረቻት። ደንበኛዋ ጨርቁን ጥላ ዞረች።

«ውይ በሞትኩት! የዚያ የሚያለቅሰው ሰውዬ? እንዴት አምሮበት ነው የሚያለቅሰው! እኔማ ባየሁት ቁጥር አብሬው ነው።»

«ባለቤትሽስ ያየዋል?» አለች ባለሱቋ። የደንበኛዋ ባል ጠርሙስ እንደማይጠላ ሰፈሩ ያውቃል።

«ያየዋል እንጂ! እሱም ያለቅሳል። ያለቅስና ‹ሐዘኑ አልወጣልኝም› ብሎ ሁለት ቢራ ይጨምራል።»

«ከዚያስ ይነዳል?»

«እንዴ፣ መኪናውን የት ጥሎት ይምጣ? ግን ማስታወቂያውን ካየ ወዲህ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው።»

ሁለቱ ሴቶች ሳቁ። መጋረጃ ሰፊዋም እንዳይታወቅባት ከንፈሯን ፈገግ አደረገች፤ ጥልፏ ግን ሁለት ክንድ ያህል ተጣሞ ሄዶ ነበርና ፈትታ እንደገና መስፋት ነበረባት። ያቺን ደንበኛ መጥላት አልነበረባትም፤ ጠላቻት። የሴትዮዋን ባልም ሳታየው ጠላችው። እዚያ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ፣ የልጇ ሞት ለስንት ሰው ከእራት በኋላ ትንሽ እንባ እንደሆነ ስታስብ ቆሽቷ አረረ።

ስድስት ሰዓት ላይ ቤት ስትደርስ በሩ ተቆልፏል። ቁልፏን አውጥታ ገባች። የአማቷ ሽቶ ሳሎኑን ሞልቶታል፣ ሶፋው ላይ ማበጠሪያ ተጥሏል፣ የትንሿ የቤት ጫማ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ነው። «የኔ ልጅ!» ብላ ተጣራች፤ መልስ የለም። ደረጃው ላይ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤቷ ከላይ አንገቷን አወጣች። «ሄዱ እኮ! አንቺ አዳራሹ ጋ ትመጣለች አሉ። ትንሿን አጎቷ ከፊት ወንበር አስቀምጧት፣ እንዴት አምሮባት መሰለሽ! እጇን ስታውለበልብልኝ ነበር። እሰይ፣ እርቅ እንዲህ ነው!» መጋረጃ ሰፊዋ ባሏ ጋ ደወለች፤ ጠራ፣ ተቋረጠ። ደግማ ደወለች፤ ተዘጋ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይኼኔ ነው። በጥቁሩ ፈንታ ያዘጋጀችውን ደማቅ ልብስ አልለበሰችም፤ በሥራ ልብሷ፣ ክሩ እጅጌዋ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ታክሲ አስቁማ ስንት ነው ሳትል ገባች። ከቤቷ እስከ አዳራሹ ሃያ ደቂቃ ነው። መንገድ ዳር ሰው ተሰብስቦ ባየች ቁጥር አንገቷን በመስኮት ታወጣ ነበር፤ አንዱ ጋ ሰው የተሰበሰበው ርካሽ ካልሲ ለመግዛት ነበር፣ ሌላው ጋ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ለማየት። ባለታክሲው በመስታወቱ እያያት «ታመሻል እንዴ እህቴ?» አላት።

ትንሿ የአዳራሹ መግቢያ ጋ ቆማ ብስኩት ትበላለች። ደህና ናት። መጋረጃ ሰፊዋ ተንበርክካ አቀፈቻትና ክንዷን፣ ትከሻዋን፣ ጀርባዋን ዳበሰች፤ ልጅቷ «እማዬ፣ ብስኩቴን ሰበርሽው» አለች። «አጎቴ ፊት ወንበር አስቀመጠኝ። ስንመለስም እዚያው ነኝ ብሎኛል።» ባሏ ከአንድ ግድግዳ የሚያህል የወንድሙ ፎቶ ሥር የወረቀት ኩባያ ይዞ ቆሟል።

«አትገባም ብለኸኝ ነበር» አለችው።

«እማዬ ናት እኮ... ታውቂያት የለ። ደግሞ ምን ሆነች? ይኸው ደህና ናት።»

ልትመልስለት ስትል ዋርሳዋ በግራጫ ሱፍ አምሮበት ከመድረኩ ጀርባ ብቅ አለ። አብረውት ፎቶ የተነሡ ሁለት ሴቶችን ሸኝቶ፣ «ነይማ፣ አንዴ ላናግርሽ» ብሎ ወንበር ወደተቆለለበት ክፍል አስገባት። እጆቹን ዘርግቶ ቀረበ። ቅርንፉድ። ከሥሩም ያው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። እሱም የሸተታት መሆኑን አይቶ እጆቹን ቀስ ብሎ አወረደና በሩን ዘጋ። «ሸተተሽ አይደል?» አለ። ድምፁ የቴሌቪዥኑ ድምፅ አይደለም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «አርባ ሰከንድ ነው ይላሉ። ያንን አርባ ሰከንድ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ነው ያስቀረፁኝ። ‹እንባው ዘገየ፣ እንደገና!› ይሉኛል። ከዚያ ወዲህ በየፋብሪካው፣ በየትምህርት ቤቱ እየወሰዱ ‹ንገራቸው› ይሉኛል። ስናገር እሷ ትመጣለች። ጫማዋ ይመጣብኛል። በደረቁ አልችልም፤ ካልቀመስኩ አንዲት ቃል አይወጣኝም። ሁለት ብቻ ነው የቀመስኩት።» መጋረጃ ሰፊዋ ለአንድ አፍታ አንጀቷን በላት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰው ጋር ስለ ልጇ እንዲህ በእውነት አውርታ አታውቅም። ጠላችው፣ አዘነችለትም፤ ሁለቱም እኩል መጡባት።

«ሲመለሱስ ማን ነው የሚነዳው?» አለችው።

«እኔ ነኛ፤ ማን ሊነዳ ነው?»

«ልጄን ጭነው?»

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አለ ዋርሳዋ። ያዘነችለት ሁሉ በዚህች ቃል ብን ብሎ ጠፋ። እሱ ግን እጇን ያዘ። «ለማንም እንዳትናገሪ። እባክሽ። ይኼ ነገር ከተወሰደብኝ ሌላ ምንም የለኝም።» እጇን አላቃ ወጣችና ባሏን ፊት ረድፍ ተቀምጦ አገኘችው። ጎንበስ ብላ በጆሮው «ጠጥቷል» አለችው። «አውቃለሁ» አለ ባሏ ፊቱን ሳያዞር። «ሁልጊዜ እኮ ነው፣ ሊናገር ሲል። ዛሬን ዝም በይ፤ ነገ አናግረዋለሁ።» ያውቃል! እያወቀ ነው ያስገባት። ከግራ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ አማቷ የሥራ ልብሷን ከላይ እስከ ታች አይተው አፋቸውን አጣመሙና ትንሿን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

መጀመሪያ አንዲት መነጽር ያደረገች ወጣት ወጥታ የማስታወቂያውን ውጤታማነት አቀረበች። ሰሌዳው ላይ ቀይና አረንጓዴ መስመሮች ወጡ። ከተጠየቁት መቶ ሰዎች ዘጠና አንዱ ማስታወቂያውን ያስታውሱታል። ሰማንያ አራቱ ሲያዩት አልቅሰዋል። ሰባ ስምንቱ «ለሌሎች አሽከርካሪዎች ጥሩ ትምህርት ነው» ብለዋል። ጭብጨባ ሆነ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «አደጋውስ ቀነሰ ወይ?» ሲሉ ወጣቷ ወረቀቷን አገላበጠችና እሱ ገና በጥናት ላይ መሆኑን ገለጸች፤ ለሳቸውም ተጨበጨበላቸው። ከዚያ ዋርሳዋ ወጣና ተናገረ። እንባው በሰዓቱ መጣ። በሚያብረቀርቅ ኮት ያጌጠው መድረክ መሪ መሐረቡን አውጥቶ «አሁን ደግሞ ያቺ ታላቅ እናት!» ብሎ በእጁ ጠራት። ተነሥታ ወጣች። መብራቱ ዓይኗን ወጋው። ዋርሳዋ እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል፤ ካሜራው እሷን ነው የሚያየው። መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን አፏ ሥር ደቀነላት። «አሁን እኚህን ሰው ሲያዩ ምን ይሰማዎታል?»

ትንሿ ከታች፣ ከአያቷ ክንድ ሥር፣ እግሯን እያወዛወዘች ታያታለች።

«መጠጥ ይሸተኛል» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። «ጠጥተዋል። ዱሮ አይደለም፣ አሁን፣ ዛሬ። መኪናቸው በር ላይ ቆሟል። ከዚህ ሲወጡ ራሳቸው ሊነዱት ነው። ያቺን ልጄን ጭነው።»

አንዲት ሴት ከመሃል «ወይኔ!» አለች። ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ሌላው ተከተለው፣ ሦስት መቶ ሰው ከመቀመጫው ተነሣ። መድረክ መሪው እንባውን እየጠረገ «ክቡራትና ክቡራን፣ መልእክት ማለት ይኼ ነው! እያንዳንዳችን ቁልፋችንን ስናነሣ ይህችን እናት እናስብ!» አለ። «የምሬን ነው!» ብላ ጮኸች። «የምሬን ነው የምላችሁ፣ ሰዎች!» «የምሯን ነው!» አለ መድረክ መሪው፣ ድምፁን ከሷ በላይ ከፍ አድርጎ፤ ጭብጨባው ባሰ። ሙዚቃ ተከፈተ። ትከሻው በማዕረግ የከበደ አንድ የትራፊክ አለቃ ፊት ረድፍ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ይናፈጣል። ዋርሳዋ ባለመስታወት የምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ አለቀሰ። የአሁኑ እንባ ለካሜራ እንዳልሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ግን ምን ይሠራላታል?

ከመድረክ ስትወርድ ሰው ወረራት። አንዱ እጇን ይጨብጣል፣ አንዷ ትስማታለች፣ «ጀግና ነሽ! እንዲህ ብሎ መናገር ከየት መጣልሽ?» ይሏታል። በክንዷ እየገፋች ደጅ ስትወጣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ግቢው በሚወጡ መኪኖች ተጨናንቋል። የዋርሳዋ መኪና ሞተሩ ተነሥቷል። እሱ መሪው ላይ ነው፣ ባሏ ከጎኑ፣ አማቷ ከኋላ የትንሿን ክንድ እንደያዙ። የልጅቷን የፊት ወንበር ባሏ ወስዶታል፤ ይህን እንደ ውለታ ሳይቆጥረው አይቀርም። መጋረጃ ሰፊዋ ሮጣ መኪናው ፊት ቆመችና ሁለት እጆቿን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈች። ይሞቃል። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ክላክስ ማድረግ ጀመሩ። አንድ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ መጣ። «እናት፣ መንገድ ይልቀቁ። እንግዶች እየወጡ ነው።»

«ፈትሸው» አለችው። «መሣሪያ አላችሁ አይደል? ይንፋ። አሁን እዚሁ ይንፋ።»

ፖሊሱ ወደ መሪው ጎንበስ ብሎ አየ፤ ያንን ፊት አውቆት ቀና አለና ፈገግ አለ። «መድረክ ላይ አይተነዎታል፣ አንጀታችንን ነው የበሉት። ፕሮግራሙ ግን አልቋል።»

አማቷ መስታወቱን አውርደው አንገታቸውን አወጡ። «አዋረድሽን! በሰው ፊት አዋረድሽን! አሁን ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«ልጄን ያውርዱልኝ፣ እማማ።»

«አላወርድም! ጠጥቷል ጠጥቷል ትያለሽ፤ አንቺ ስለ መጠጥ ምን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። አልጮኸችም። «ያን ቀንም ሸትቶኝ ነበር።» ባሏ ቀና አለ። እሷም የምታየው እሱን ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ፣ ዓይን ለዓይን። «በር ላይ ቆሞ ሲጠራት ሸትቶኛል። እርስዎ ሳሎን ነበሩ፣ እንግዳ ነበረ፣ አፈርኩ። ጫማዋን አሰርኩና ሰጠሁት።»

ክላክሱ አላባራም። ዋርሳዋ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ባሏ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ቃል ያላጡት አማቷ ብቻ ናቸው።

«እና አንቺ ነሻ የገደልሻት!»

ሦስት ዓመት ሙሉ ስትፈራው የኖረችው ቃል ይኼ ነበር። መጋረጃ ስትሰፋ ትፈራዋለች፣ ሰው ቤት ገብቶ «እንዴት ነበር ነገሩ?» ሲል ትፈራዋለች፤ አንድ ቀን ቢነገራት እዚያው ክው ብላ የምትቀር ይመስላት ነበር። ተነገራት። አልወደቀችም።

«አዎ» አለች። «አንዷን አብሬ ገድያለሁ። ሁለተኛዋን አልሰጥም። ውረጂ የኔ ልጅ።»

ትንሿ አያቷን አየች፣ አባቷን አየች። አባቷ ፊት ለፊቱ ያለውን መስታወት ነው የሚያየው። ክንዷን ከአያቷ እጅ መንጭቃ፣ በሩን በሁለት እጇ ታግላ ከፈተችና ወረደች። መጋረጃ ሰፊዋ እጇን አፈፍ አድርጋ ከመኪናው ፊት ገለል አለች። ፖሊሱ «እለፉ፣ እለፉ» አለና ለታዋቂው ሰው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠው። ዋርሳዋ ቀና ብሎ ማርሽ አስገባ፤ መኪናው ሦስቱን ይዞ በጣም ቀስ ብሎ ከግቢው ወጣ።

እናትና ልጅ በእግራቸው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። ወረፋው ረጅም ነበር። ትንሿ መንገዱን እያየች፣

«አባቴስ?» አለች።

«አባትሽ አፍ አለው» አለቻት።